ዋንጫው ላይ የቀረች እጅ

ስሟን የሚጠራት የለም። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ዘበኛው፣ ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ ወላጅ ሳይቀር «ፊሽካ» ነው የሚላት። ፊሽካው ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ባሏ «የሠርጋችን ዕለትም ከሐብሏ ሥር ነበረ» እያለ ያስወራባታል፤ ውሸቱን ነው፣ ግን የሚያምነው ሰው አጥቶ አያውቅም። ሥራዋ ስፖርት ማስተማር ነው። ስፖርት ማስተማር በዚያ ትምህርት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሒሳብ አስተማሪው ምዕራፍ ሲቀረው የሚወስደው የእሷን ክፍለ ጊዜ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወንበር የሚሸከሙት የእሷ ተማሪዎች ናቸው። የሽልማት ቀን ሲሆን ደግሞ ሜዳሊያዎቹን በትሪ ደርድራ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ ፈገግ ብላ እንድትቆም የምትታዘዘው እሷ ናት፤ አንገት ላይ የሚያጠልቀው ግን ሌላ ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹን ስታሯሩጥ የከረመችን ሴት ትሪ ያዥ አድርጎ ማቆም እንዴት እንደማያሳፍር እንጃ።

የስፖርት ዕቃ ቤቷ ከደረጃው ሥር ናት፤ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ግንባሩን ያገኛል። እዚያ ውስጥ ትንሽ ነፍስ የቀረላቸው ኳሶች፣ በራሷ መርፌ የጠቀመችው መረብ፣ ጥጡ በጎኑ የሚያፈተልክ የመዝለያ ፍራሽ አለ። ከሁሉም በላይ የምትሳሳላቸው ግን ቀይ ቀለም የተቀቡ አጫጭር ዱላዎች ናቸው። አራት ልጆች አንዱ ለሌላው እያቀበለ የሚሮጡት ዱላ ቅብብል የሚባለው ሩጫ የሚሮጠው በእነዚህ ነው። ባሏ አናጢ ነውና ከአሮጌ መጥረጊያ እጀታ ቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ የሠራላት እሱ ነው። ይዛቸው ስትገባ ዳይሬክተሩ አየና በመምህራኑ ፊት «ዱላ ሠርቶ ለሚስቱ ያስረከበ የመጀመሪያው ባል!» አለ። መምህራኑ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ዱላ የሚባል ቃል ከሴት አጠገብ ሲነሳ ለሰው ሁሉ ቶሎ ትዝ የሚለው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሩጫ አይደለም።

ዳይሬክተሩን ገና በልጅነቱ ነው የምታውቀው። እዚሁ ትምህርት ቤት አብረው ተምረዋል፣ እዚሁ ሜዳ ላይ አብረው ሮጠዋል። በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ሁለት ሴት ሁለት ወንድ ሆነው የሚሮጡት ቅይጥ ዱላ ቅብብል ነበር፤ አሁንም አለ። እሷ ሦስተኛ ነበረች፣ እሱ ጨራሽ። አንደኛ ወጥተው ዋንጫ አመጡ፤ ፎቶው እስከ ዛሬ ከቢሮው በር አጠገብ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ ያለው ግን እሱ ብቻ ነው። ዋንጫውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ይስቃል። የወላጆች ስብሰባ በመጣ ቁጥር ያንን ሩጫ እንደ አዲስ ይተርከዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ዱላውን ስቀበል ሁለተኛ ነበርን» ይል ነበር። ቆይቶ ሦስተኛ ሆኑ። ዘንድሮ የመጨረሻ ሆነዋል። እሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እያንዳንዱን ትሰማለች። ዱላውን በእጁ ያስጨበጠችው አንደኛ ሆና ነው፤ ከኋላዋ ያለው ልጅ ገና መታጠፊያው ላይ ነበር። አንድ ቀን ለመምህራኑ ብትነግራቸው «አንቺ ደግሞ፣ ያኔ የነበረውን ማን ያስታውሰዋል» ብለው አለፉት። የእሱን ግን ሁሉም ያስታውሰዋል።

አንድ ዕለት የሌሊቱ ዝናብ ሜዳውን ጭቃ አድርጎት አደረ። ሒሳብ አስተማሪው «መቼም በዚህ ጭቃ አትወጪ» ብሎ ክፍለ ጊዜዋን ሊወስድ አፉን ሲያሰናዳ ቀደመችውና ስድስተኛ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

«ዛሬ የምንሮጠው በአፍ ነው» አለቻቸው።

ሴቶች ረጅም ርቀት እንዳይሮጡ የሚከለከሉበት ዘመን እንደነበረ ነገረቻቸው። ተምረናል የሚሉ ሰዎች ሳይቀሩ «ሴት ብዙ ከሮጠች ማህፀኗ ይወድቃል» ይሉ እንደነበረ ነገረቻቸው።

«ወዴት ነው የሚወድቀው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለች።

ብርዱ አጥንት የሚሰብር ባሕር በዋና ስላቋረጠችና ከእሷ በፊት ያቋረጡትን ወንዶች ሁሉ በፍጥነት ስለበለጠች ሴት ነገረቻቸው። ከራሳቸው ክብደት በላይ የሆነ ብረት ከራሳቸው በላይ ስለሚያነሱ ሴቶች ነገረቻቸው። የልጆቹ ዐይን ፈጠጠ። ከፊት ወንበር ሸንበቆ የሚሉት እግረ ረጅም ልጅ ከንፈሩን መጦ «ወንድ ናታ!» አለ።

የፊሽካ ንዴት ከእግሯ ተነስቶ ጆሮዋን ሲያሞቀው ተሰማት። ይህቺን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማት ኖራለች። ስትሮጥ ወንድ ናት፣ ዛፍ ስትወጣ ወንድ ናት፣ ሌባ አባርራ ስትይዝ ወንድ ናት፤ ባሏን ስታገባ ብቻ ነው ሴት የሆነችው።

«ማን ናት ወንድ?»

«ሴትየዋ። እያደነቅኳት እኮ ነው፣ ቲቸር።»

«ወንድ ልጅ በደንብ ሲዋኝ ምን ይባላል?»

«ጎበዝ።»

«ሴት በደንብ ስትዋኝስ?»

«ወንድ ናት።»

«እና ሴቷ የት ሄደች?»

ሸንበቆ ሴትየዋን የሚፈልግ ይመስል ዞር ዞር ብሎ አየ። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሕግ አወጣች። ከዛሬ ጀምሮ ሴትን ለማድነቅ «ወንድ ናት» ያለ፣ ወንድን ለመስደብ «እንደ ሴት» ያለ፣ ማንም ይሁን ማን ሜዳውን አንድ ዙር ይሮጣል። በማግስቱ የመጀመሪያዋ ተቀጪ ራሷ ሆነች። ጋን የሚያህል የውሃ በርሜል ብቻዋን እያንከባለለች ያመጣችውን ጽዳት ሠራተኛ አይታ «እቺስ ወንድ ናት» ብላ አመለጣት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አንድ ዙር!» ብለው ጮኹባት፤ ጫማዋን አጥብቃ በጭቃው ላይ ሮጠችላቸው።

በዚያው በዝናቡ ቀን ታሪኩን ጨርሳ ልጆቹን ወደ ኮሪደሩ አወጣቻቸውና ፎቶው ሥር አቆመቻቸው።

«ምን ይታያችኋል?»

«ዳይሬክተሩ ልጅ ሆነው።»

«ሌላስ?»

«ዋንጫ።»

«ሌላስ?»

ሌላ ነገር አልታያቸውም። ከሁሉም የምታንሰው ልጅ፣ ቁንጫ የሚሏት፣ ዐይኗ ከፍሬሙ ታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል ነበርና አንገቷን ቀልሳ አየች።

«እጅ አለ» አለች።

እውነትም ነበረ። በዋንጫው በግራ በኩል ያለውን እጀታ የጨበጠች፣ ፎቶው ጠርዝ ላይ ሲደርስ የምታልቅ እጅ። የዳይሬክተሩ እንዳትሆን ሁለቱም እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው። አንዱ «የዳኛ ትሆናለች» አለ፤ ሌላው «የዋንጫው ናት» ብሎ ተሳቀበት። ቁንጫ ግን ዐይኗን አልነቀለችም።

«ትንሿ ጣት ጎባጣ ናት» አለች። ከዚያ ዘወር ብላ ፊሽካውን የያዘውን የአስተማሪዋን እጅ አየች። «ቲቸር፣ እስቲ ጣትዎን ያሳዩን።»

በልጅነቷ በር የቀረቀረባት፣ እስከ ዛሬ ያልተቃናች ጣት ናት። ዘርግታ አሳየቻቸው። ኮሪደሩ በጩኸት ተሞላ፤ ሒሳብ አስተማሪው ጠመኔውን እንደያዘ ብቅ አለ። ፎቶው ሲነሳ አራቱም ነበሩበት፣ ዋንጫውንም አራቱም ነው የያዙት። ፍሬም ሲገባለት ሦስቱ ተቆርጠው ወደቁ፤ እሷ ብቻ እጀታውን አልለቅ ብላ እጇ ቀረ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራት። ብቻቸውን ሲሆኑ አንተና አንቺ ይባባላሉ፤ ልጅ ፊት ሲሆን ግን እርስዎ ትለዋለች።

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ተማሪዎች ቢሮዬ በር ላይ እየመጡ ፎቶው ላይ ያለችውን እጅ ያያሉ። ምንድን ነው ያልሻቸው?»

«ምንም አላልኳቸው። ዐይን አላቸው።»

«ፎቶው የተቆረጠው ፍሬሙ ጠቦ እኮ ነው።»

«ለአራት ሰው የጠበበ ፍሬም ለአንተ እንዴት ሰፋ?»

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲቸግር የሚደርስ፣ ሳቁ የማይርቅ ሰው ነው። በዚያው ሳቁ ነው የሚያናድደው። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ «ተይው እሱን» አለና የዘንድሮውን ዱላ ቅብብል ጠየቃት። ማን ይጀምራል፣ ማን ይጨርሳል።

ፊሽካ ነገረችው። ሸንበቆ ይጀምራል፤ ጆሮው ቀጥ ያለ ነው፣ የማስጀመሪያውን ድምፅ እንደ እሱ ቶሎ የሚሰማ የለም። ነገር ግን ሰው ከኋላው ሲመጣ እየዞረ ማየት አመሉ ነው፤ በዞረ ቁጥር እግሩ ይተሳሰራል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ልጅ ሁለተኛ ትሆናለች፣ መነጽራሙ ሦስተኛ። ቁንጫ ትጨርሳለች። ቁንጫ ወደ ኋላ አታይም። ቤት ቢቃጠል እንኳ አታይም።

«ማን?» አለ።

«ቁንጫ።»

ከት ብሎ ሳቀ። በውድድሩ ደንብ ላይ ጨራሹ ወንድ ይሁን የሚል ነገር የለም፤ ዳኛም አይጠይቅም። ብቻ ሁሌም እንደዚያ ነው። የመጨረሻው ዱላ የወንድ ነው ተብሎ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ይመስል ማንም አንስቶት አያውቅም።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?» አለ። «አባቶች ዝም ብለው አልተናገሩም።»

«አባቶች ናቸዋ የተናገሩት። እናቶች ተጠይቀው ቢሆን ሌላ ይሉ ነበር። ደግሞስ፣ ካወቀች ለምን አትጨርሰውም? ያወቀ ሰው ከመንገድ ላይ ተመልሶ ላላወቀ ያስረክባል እንዴ?»

ሳቁ ቀዘቀዘ። «እሺ፣ እንዳልሽ ይሁን» አለ። «ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ዋንጫው ካልመጣ ሰኞ ሰልፍ ላይ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ ተሳስቻለሁ ትያለሽ። ልጆቹን ግራ ያጋባሻቸው አንቺ ነሽ፣ የምታቃኚያቸውም አንቺ ነሽ። ከዚያ የመጨረሻው ዱላ ወደ ቦታው ይመለሳል።»

የተናደደ ሰው ቃል ሲገባ አያመዛዝንም። «እሺ» ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ፎቶው አጠገብ ስትደርስ ነው ነገሩ የገባት። በስድስት ትምህርት ቤቶች ሩጫ ላይ አንደኛ መውጣት ቀላል አይደለም፤ ካልወጡ ደግሞ ያቺ በዝናብ ቀን የተማሯት ትምህርት በራሷ አፍ ልትፈርስ ነው። ልጅ አስተማሪው ሲያፍር ያየውን ነገር አይረሳም።

የቁንጫ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከመንገዱ ዳር ነው፤ አንድ መኪና፣ አንድ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ ያላለቁ ልብሶች። ፊሽካ የሩጫ ቁምጣ ልታሰፋላት ስትሄድ ሴትዮዋ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ ሰማቻት።

«እህቴ፣ ልጄ መሮጧን አልጠላም» አለች። «ግን የመጨረሻዋ እሷ ናት አሉኝ። የመጨረሻው ሰው ነው እኮ የሚታየው። ብትሸነፍ ሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ ያደርጋታል። ለምን መሐል ላይ አትሮጥም? መሐል ላይ ማን ያያታል?»

«እሱ ነዋ ነገሩ፣ እታለም። መሐል ላይ ማንም አያያትም።»

«ብትሸነፍስ?»

«አምና የጨረሰው ወንድ ነበር። ስንተኛ ወጣን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ያወራው የለም።»

«አዎ» አለች ፊሽካ። «ያወራው የለም።»

ሴትዮዋ መኪናዋን አቆመች። ክሩን ከመርፌው አወጣችና ሰማያዊ ክር ቀየረች። «ሜትሩን አቀብዪኝ» አለች።

የውድድሩ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። የስድስቱም ትምህርት ቤት ሰው የሜዳውን ዳር ዳር ሞልቶታል፤ ዳይሬክተሩ የክብር ወንበር ላይ ከሌሎቹ ዳይሬክተሮች ጋር ተቀምጧል። ሸንበቆ ገና የማስጀመሪያው ድምፅ ሳያልቅ ተፈተለከ፤ ከፊቱ ሰው ስለሌለ፣ የኋላውንም ለማየት ጊዜ ስላላገኘ አንደኛ ሆኖ ደረሰ። የዳቦ ቤቷ ልጅ አንደኝነቱን ይዛ ሄደች። ለመነጽራሙ ስታቀብለው ግን የሁለቱም እጅ በላብ ረጥቦ ነበርና ዱላው ተንሸራቶ ወደቀ። መነጽራሙ ጎንበስ ብሎ እስኪያነሳው አምስቱም አለፏቸው። ቁንጫ ቀዩን ዱላ ስትቀበል ከፊቷ ያሉት አምስቱም ጨራሾች ወንዶች ነበሩ፤ የመጨረሻው እንኳ ጀርባው ርቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም። ሰማያዊ ቁምጣ የለበሰች፣ ከልጆቹ ደረት የማትደርስ ልጅ አንዱን አለፈች። ሁለተኛውን አለፈች። ሦስተኛው ከኋላው ኮቴ ሲሰማ ዞር ብሎ አየ፤ እሷ አላየችም። አራተኛውን መታጠፊያው ላይ በውጭ በኩል አልፋ ወጣች። ከፊሽካ ኋላ የቆመ አንድ የማታውቀው ሰውዬ «ወንድ ናት እቺ! ወንድ!» ሲል ስድስተኛ ክፍል በሙሉ ዘወር ብሎ «አንድ ዙር!» አለበት፤ ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ግራ ገባው። አንዱ ብቻ ቀረ። መጨረሻው መስመር ላይ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቀደማት።

ሁለተኛ። ከመጨረሻ ተነስታ ሁለተኛ።

ዳይሬክተሩ ከክብር ወንበሩ ወርዶ መጣ። ፊቱ ላይ ሐዘን አለ፤ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረበት። «አላልኩሽም?» አለ። «የመጨረሻው ዱላ ከባድ ነው። ለእሷ አይሆንም ብዬሽ ነበር።»

ዱላው የወደቀው ገና ቁንጫ ጋ ሳይደርስ ነው። ይህን እሱም አይቷል፣ ሜዳው ሁሉ አይቷል። ዐይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ ሲላት የምትመልሰው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ቁንጫ እያለከለከች መጥታ ቀሚሷን ያዘች።

«ቲቸር፣ ሰኞ ተሳስቻለሁ ሊሉ ነው?»

ወሬ መቼ ተደብቆ ያውቃል። ልጆቹ ሁሉ ሰምተዋል። ቁንጫ ያለቀሰችው በመሸነፏ አልነበረም፤ ያለቀሰችው በዚህ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፈችው ባሏ ያውቃል። የታጠበውን ዕቃ እንደገና አጠበች፣ የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠረገች።

«ሂጂና ወድቆ ነው በያቸው» አለ ባሏ።

«ወድቆ ነው ካልኩ የጣሉት ልጆች ሊወቀሱ ነው። እነሱ ምን በደሉ?»

«እንግዲያው ቃልሽን እጠፊ።»

«ቃሌን ባጥፍ ሴት ቃል የላትም ሊባል ነው። ወንድ ቃሉን ሲያጥፍ ሐሳቡን ቀየረ ነው የሚባለው። እኔ ግን የሴትን ወገን ሁሉ ይዤ ነው የምወድቀው። ሳስነጥስ እንኳ ለሴት ሁሉ ነው የማስነጥሰው። ሰለቸኝ።»

ባሏ ተነሥቶ መጥረጊያውን ከእጇ ወሰደና የተጠረገውን ለሦስተኛ ጊዜ ጠረገላት።

ሰኞ ጠዋት ተማሪው ተሰለፈ። ዳይሬክተሩ ከሰልፉ ፊት ያለችው የሲሚንቶ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ንጽሕና ተናገረ፣ ስለ ማርፈድ ተናገረ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህርታችን ስለ ሩጫው አንድ የምትላችሁ ነገር አላት» ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

ፊሽካ ወጣች። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሰልፍ ትንንሽ ጭንቅላት ብቻ ነው። ስድስተኛ ክፍል ከዳር ነው የሚቆመው፤ ቁንጫ ከሁሉም ፊት አንገቷን ደፍታ መሬቱን ታያለች። ፊሽካ አፏን ከፈተች። ቃሉ «ተ» ብሎ ጥርሷ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ አልወጣም። እንደገና ሞከረች።

ከስድስተኛ ክፍል ሰልፍ አንድ ረጅም እጅ ወጣ።

«ጥያቄ አለኝ» አለ ሸንበቆ።

«አሁን የጥያቄ ሰዓት አይደለም» አለ ዳይሬክተሩ።

«አጭር ናት። አምና የጨረስኩት እኔ ነኝ። ያኔ ማን ነው ተሳስቻለሁ ያለው?»

ዳይሬክተሩ «ምን?» አለ።

«አምና አምስተኛ ነው የወጣነው። ዱላም አልወደቀም። አንደኛ ሆኜ ተቀብዬ ነው አምስተኛ የገባሁት፤ ስዞር አለፉኝ። በማግስቱ ማንም ተሳስቻለሁ አላለም። እርስዎም ለእኔ ለስላሳ ገዙልኝ።»

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሁለት ሳቅ ተሰማና ጠፋ። የሸንበቆ ጆሮ ቀላ፤ ራሱን በተማሪው ሁሉ ፊት እንዳዋረደ የገባው ተናግሮ ሲጨርስ ነው። እጁን ግን አላወረደም።

«እሱ ሌላ ነው» አለ ዳይሬክተሩ።

«እንዴት ነው ሌላ?»

«ያኔ ነፋስ ነበረ።»

መጀመሪያ የሳቁት አንደኛ ክፍሎች ናቸው፤ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ነፋስ የሚለው ቃል አስቋቸው ነው። ከዚያ ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ እንደ ዱላ ቅብብል ሳቁን እየተቀባበሉ ስድስተኛ ክፍል ደረሰ። ሒሳብ አስተማሪው እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቁንጫ ቀና አለች።

ፊሽካ ያኔ ነው የፈለገችውን ያደረገችው። ፊሽካዋን አፏ ውስጥ አስገብታ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ነፋችው። ፊሽካ ሲነፋ ዘወር ብሎ መሄድ ልጆቹን ዓመቱን ሙሉ ያለማመደቻቸው ነገር ነውና ሰልፉ ተፈትቶ በየክፍሉ በር ገባ። መድረኩ ላይ እሷና ዳይሬክተሩ ብቻ ቀሩ።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አለ።

«ገብቼ ነበር። አንተ አምናን ስትከፍል እኔም የዘንድሮን እከፍላለሁ።»

እስከ ዛሬ መምህራኑ ቢሮ «ቃሏን አጠፈች» ይሏታል። ይበሏት። የከርሞው ዱላ ቅብብል ማን ይጨርሰው የሚለው ገና አልተወሰነም፤ ቁንጫ ግን በየጠዋቱ ከሰልፍ በፊት ሜዳው ላይ ናት፣ ሸንበቆም ሳይዞር መሮጥ እየተለማመደ ነው።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ አንድ ነገር ታየ። ከፎቶው ፍሬም በግራ በኩል፣ እጇ ከምታልቅበት ጠርዝ ጀምሮ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ክንድ ተስሎ ነበር። ከክንዱ ትከሻ፣ ከትከሻው አንገት፣ ከአንገቱ የተንጠለጠለ ፊሽካ። ፊቷ ክብ ነው፣ ፀጉሯ እንደ ሽቦ ቆሟል፣ ቁምጣ ለብሳለች። ማን እንደሳላት የሚናገር አልተገኘም። ዳይሬክተሩ ጽዳት ሠራተኛዋን አስጠርቶ አስጠረጋት። ማክሰኞ ተመልሳ ተሳለች፤ በዚህኛው ላይ ከኋላዋ ሁለት ልጆች ተጨምረው ነበር። ረቡዕ ተጠረጉ፣ ሐሙስ ተሳሉ። ጽዳት ሠራተኛዋ «ባልዲዬን እዚሁ ላስቀምጠው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

በመጨረሻ መላው ጠፋውና ዓርብ ፎቶውን ራሱ አወረደው። ዕቃ ቤት ወስዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው ይባላል። ፎቶው ከወረደ በኋላ የጠመኔ ሥዕሏን የሚያስጠርግበት ምክንያት አላገኘም፤ ኮሪደሩ ላይ እሱ የለም፣ እሷ አለች። ክንዷ ግን ፍሬሙ የነበረበት ጋ ሲደርስ ድንገት ተቋርጦ ነበርና ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው የጎደለውን ሞላላት። አሁን እጇ ሙሉ ናት። ትንሿ ጣቷ ጎባጣ ናት።